እጅ የማያገኘው ዕጢ

በመንዝ ደጋ የበግ ጠጉር የምትፈትል ሴት ጣቷ ብልህ ነው። ለባና የሚሆነውን ጠጉር ስታፍታታ ጭጎጎቱንና ጉድፉን በዳሰሳ ብቻ ለይታ ታወጣዋለች። ይሁን እንጂ የእጅ ብልኀት ወሰን አለው፤ የጡት ነቀርሳ ለባለቤቲቱም ሆነ ለሐኪሙ እጅ ሳይሰማ፥ ውስጥ ለውስጥ ሊጀምር ይችላልና።

ታዲያ ያልተዳሰሰው በምን ይታያል? ቢሉ፥ በራጅ ነው። በ1913 ዓ.ም. እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር፥ አልበርት ሰሎሞን የተባለ የበርሊን ቀዶ ሐኪም በነቀርሳ ምክንያት ተቆርጠው የወጡ ጡቶችን በራጅ እያነሣ መረመረ፤ በምስሉም ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦችን አየ። ዛሬ ማሞግራም የሚባለው ምርመራ እንዲህ ያሉትን ምልክቶች በሽታው ሳይገፋ ያሳያል።

ነገር ግን በምስል የታየውን ቦታ ቀዶ ሐኪሙ በሥጋ ውስጥ እንዴት ያገኘዋል? በ1976 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር፥ አሜሪካውያን ሐኪሞች ያሳወቁት ዘዴ ይህ ነው፤ ጡቱ በመድኃኒት ከደነዘዘ በኋላ፥ የራጅ ሐኪሙ በምስሉ እየተመራ ቀጭን መርፌ እስከ ቦታው ያደርሳል፤ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ሽቦም በመርፌው ውስጥ አሳልፎ እዚያው ይተክላል። ቀዶ ሐኪሙ ሽቦውን ተከትሎ ጥቂት ሥጋ ቆርጦ ያወጣል። የወጣውም ሥጋ ወዲያው ራጅ ይነሣል፤ ይኸውም የተፈለገው ነገር በእርግጥ መውጣቱን ለማወቅ ነው። ከዚያ በኋላ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ዛሬ ግን በብዙ አገር፥ ሽቦው ሳያስፈልግ በምስል እየተመሩ በመርፌ ብቻ ናሙና መውሰድ ይቀድማል።

«ብረት የነካው ዕጢ ይብሳል» የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። እንዲያውም በማሞግራም ብቻ ታይቶ ናሙና ከሚወሰድበት ነገር የሚበዛው ነቀርሳ ሳይሆን ይቀራል።

በአገራችን ማሞግራም በብዛት የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው። በመሐል ሜዳና በዓለም ከተማ ሆስፒታል ቢኖርም፥ ከግሼና ከመርሐቤቴ ገጠር ለምትነሣ ሴት ይህ ምርመራ ገና ሩቅ ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ፥ ብዙዎቹ ሴቶቻችን በእጃቸው ያገኙትን እብጠት እንኳ «አያመኝም» ብለው፥ ወይም አፍረው ደብቀው፥ ቁስል ሲሆን ወደ ሐኪም መምጣታቸው ነው። ነቀርሳ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ አለማመሙ ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ ተማሪው ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲወርድ፥ ሹሙም ወደ ቤተ ዘመዱ ሲሄድ፥ ይህን ነገር ለእናቱና ለእኅቱ ሳያፍር ይንገር። መሣሪያው እስኪዳረስ ድረስ፥ በእጅ የተገኘው እብጠት ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይታይ።