ብሮንዚን የጨረሰ ሞተር

ብሮንዚን በክራንክ ሻፍቱና በማቀፊያው መካከል የሚቀመጥ ስስ ቅርፊት ነው። ዘይት ሲያንሰው ይፋቃል፤ ሞተሩም ማንኳኳት ይጀምራል። የተለመደው ጥገና ክራንክ ሻፍቱን 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር አስፈጭቶ በልኩ አዲስ ብሮንዚን መግጠም ነው።

ግን የተፋቀው ብረት የት ሄደ? ፊልትሮው ሁሉንም አይዝም። ሲደፈን ማለፊያ ቫልቩ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል። ብናኙም በብሎኩና በክራንክ ሻፍቱ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን የዘይት መስመሮች ይቀመጣል። የመስመሮቹ ጫፍ ዝግ ስለሆነ፣ መክደኛዎቹ ወጥተው በረጅም ብሩሽ ካልተፈተጉ በናፍጣ ማጠብ ቆሻሻውን ወደ ጥግ ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም። የታደሰው ሞተር ሲነሳ ዘይቱ ያንን ብናኝ ይዞ በቀጥታ ወደ አዲሱ ብሮንዚን ይሄዳል። ማጠብ ርካሽ ስለሆነ ይመስለኛል የሚናቀው፤ በታክሲ ለሚተዳደር ቤተሰብ ግን ሞተሩ ዳግም ወረደ ማለት ዳግም ብድር ነው። የዘይት ማቀዝቀዣ ካለው፣ ውስጡ ጠባብ ነውና መቀየሩ ይሻላል። ፓምፑም ተፈትቶ ይታይ።

ከሪትፊካ የተመለሰ ብሎክም ንጹሕ አይደለም። ሲሊንደሩ ላይ የቀረው የመሳያ ድንጋይ ብናኝ በቤንዚን አይለቅም፤ ሙቅ ውሃና ሳሙና ይፈልጋል። እንደደረቀ ዘይት በነካ ነጭ ጨርቅ አብሱት፤ የተራቆተ ብረት ቶሎ ይዝጋልና አትዘግዩ። ጨርቁ ከጠቆረ እንደገና እጠቡ።