የፎቶግራፍ ወረቀትና የዘመን ስያሜ

ፎቶግራፍ ሁለት ዘመን አለው፤ አንደኛው ምስሉ የተነሣበት፥ ሁለተኛው ምስሉ ወረቀት ላይ የታተመበት ነው። በአማርኛ «የ1952 ዓ.ም. ፎቶግራፍ» ሲባል ግን ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ አይለይም። በፎቶ ቤቶች ዘንድ የተለመደው «ማጠብ» የሚለው ግስም ለፊልሙም ለወረቀቱም ያገለግላል። ወረቀት መርምሮ ዘመን የሚወስን ባለሙያ የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ብቻ ስለ ሆነ፥ ተርጓሚው ሁለቱን ካልለየ እውነተኛውን ማስረጃ ሐሰተኛ ሊያሰኝ ይችላል።

የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ወረቀት ሁለት ዐይነት ነው። ቀደምቱ በወረቀቱና ምስሉን በሚይዘው የጄላቲን ሽፋን መካከል የባሪየም ሰልፌት ንጣፍ አለው፤ ይኸውም «ባሪታ» ይባላል። ሁለተኛው በግራና በቀኝ ገጹ ፖሊኢትሊን የተቀባ ስለ ሆነ «ፕላስቲክ ለበስ» ብንለው ይስማማዋል። ይህ በገበያ የተስፋፋው ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው።

ሌላው ምልክት «ነጭ አድማቂ» የምንለው ኬሚካል ነው። ልዕለ ሐምራዊ ጨረር ሲያርፍበት ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። በፎቶግራፍ ወረቀት ውስጥ መግባት የጀመረው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ሉዊስ ሃይን በ1940 እ.ኤ.አ. ቢሞትም፥ በገዛ እጁ እንዳተማቸው ተነግሮ ከተሸጡት ሥዕሎች በአንዳንዶቹ ላይ አድማቂው በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ተገኝቷል። ምስሎቹ የእርሱ ናቸው፤ ኅትመቱ ግን የእርሱ ሊሆን አልቻለም።

አሁን በሐዋሳ የሐይቅ ዳርን የቀድሞ መልክ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ቀረበልን እንበል። ከተማዪቱ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ማለትም በ1960 እ.ኤ.አ. ገደማ ስለ ሆነ፥ አድማቂ መገኘቱ ፎቶግራፉን አያስነቅፈውም። ወረቀቱ ፕላስቲክ ለበስ ቢሆን ግን በከተማዪቱ ምሥረታ ዘመን አልታተመም ማለት ነው። ይህም ቢሆን ምስሉን ሐሰት አያሰኘውም፤ ከአሮጌ ኔጋቲቭ ኋላ የታተመ ሊሆን ይችላልና። ሐሰት የሚሆነው «በ1952 ዓ.ም. የታተመ» የሚል የጀርባ ጽሑፍ ቢኖረው ነው። ተርጓሚው «1950ዎቹ እ.ኤ.አ.» የሚለውን አቆጣጠሩን ሳይጠቅስ ቢጽፈው ደግሞ፥ አድማቂውና ከተማዪቱ በአንድ ዘመን የመጡ ይመስላሉ፤ እውነተኛው ፎቶግራፍም ያለ ጥፋቱ ይጠረጠራል።

ስለዚህ «የተነሣበት ዘመን» እና «የታተመበት ዘመን» የሚሉት ስያሜዎች ተለይተው ቢሠራባቸው ይበጃል። የምርመራው ውጤትም «ከዚህ ዘመን ወዲህ» ተብሎ ሊገለጽ ይገባል። አድማቂ ወይም ፕላስቲክ መገኘቱ ወረቀቱ ከየት ዘመን ሊቀድም እንደማይችል ያረጋግጣል፤ አለመገኘቱ ግን ጥንታዊነትን አያረጋግጥም። ባሪታ ያለው ወረቀት ዛሬም ይሠራልና።