የሰብል ሻጋታ መድኃኒትና የሆስፒታል ሕመምተኛ

አስፐርጂለስ ፉሚጋተስ የሚባል በብስባሽ ክምር ውስጥ በብዛት የሚኖር ሻጋታ አለ። ሰብል አያጠቃም፤ ሥራው የተክል ቅሪት ማብላላት ነው። ጥቃቅን ዘሩ ግን በአየር ተነሥቶ በየቀኑ ወደ ሰው ሳንባ ይገባል። ጤነኛውን አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም፤ በካንሰር ሕክምና የደከመውን ሕመምተኛ ግን ሊገድል ይችላል።

ሐኪሞች ሻጋታውን የሚያክሙት እንደ ቮሪኮናዞል ባሉ መድኃኒቶች ነው። ለስንዴ ዋግ የሚረጩት ፕሮፒኮናዞልና ቴቡኮናዞልም የዚሁ ወገን ናቸው፤ ስማቸውም ይመሰክራል። አንዱን የለመደ ሻጋታ ብዙውን ጊዜ ሌላውንም ይቋቋማል።

በሆላንድ አገር እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ የወጡ ጥናቶች፣ መድኃኒቱን ቀምሰው በማያውቁ ሕመምተኞች ላይ እንኳ የለመደው ሻጋታ መገኘቱን አሳይተዋል። ምንጩ ሲፈለግ አንዱ የአበባ ቅሪት ክምር ሆነ። እንደ ሽንኩርት ራስ ያለው የቱሊፕ ዘር ከመተከሉ በፊት በመድኃኒት ይነከራል፤ ቅሪቱ ሲከመር ሻጋታው ከመድኃኒቱ ርዝራዥ ጋር ለወራት አብሮ ይኖራል። ደካማው ይሞታል፤ የተረፈው ይራባል። ከማሳው ይልቅ አሳሳቢው ክምሩ ነው።

ስለዚህ ከልማት ሠራተኛው የሚጠበቀው ርጭትን መከልከል አይደለም፤ ዋግ የበረታበት ማሳ ሳይረጭ ቢቀር ገበሬው ባዶ እጁን ይቀራል። ዋግ የሚቋቋም ዝርያ ይቅደም፤ ርጭቱ በሽታው ሲታይና በተወሰነው መጠን ብቻ ይሁን። የተረፈ ብጥብጥና የመርጫ እጣቢ በብስባሽ ክምር ላይ ፈጽሞ አይደፋ። ማኅበራትም የሚያከፋፍሉትን መድኃኒት በስሙና በወገኑ መዝግበው፣ በአንድ ማሳ ላይ የአንድ ወገን መድኃኒት እንዳይደጋገም ይቆጣጠሩ።