ስለ እንግሊዛዊው ግዞተኛ ስለ ሄንሪ ኬብልና ስለ ቤተ ሰቡ



አውስትራልያ ዛሬ በሀብቷና በሥርዓቷ ስሟ የታወቀ አገር ናት። እንግሊዞች መጀመሪያ ሰው ያሰፈሩባት ግን ለግዞት ሥፍራ እንድትሆናቸው ነበር። ከ1788 እስከ 1868 ድረስ በነበሩት 80 ዓመታት ውስጥ 160 ሺህ ያህል ወንዶችና ሴቶች በመርከብ እየተጫኑ ወደዚያ ተግዘዋል። (ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አድማጮቻችን ይገንዘቡልን።) ከእነዚህ ሁሉ መካከል የአንዱን ሰው ታሪክ መርጠን የምናቀርበው፥ ሰውዬው ከሌሎቹ የበለጠ ደግ ስለ ነበረ አይደለም፤ በአገሩ ሕግ እንደ ሞተ ተቈጥሮ ሳለ፥ በሩቅ ባሕር ዳርቻ በዚያው አገር ዳኞች ፊት ከሳሽ ሆኖ በመቆሙ ነው።

ሄንሪ ኬብል የተወለደው በምሥራቅ እንግሊዝ በሰፎክ አውራጃ ነው። በ1783 ከአባቱና ከአንድ ሌላ ሰው ጋራ ሆኖ የሰው ቤት ሰብሮ ሰርቋል ተብሎ ተከሰሰና በሦስቱም ላይ ሞት ተፈረደባቸው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሕግ ለስርቆት እንኳ ስቅላትን ከማዘዝ አይመለስም ነበር። አባቱና ጓደኛቸው ኖርዊች በሚባለው ከተማ ተሰቀሉ፤ ወጣቱ ሄንሪ ግን ቅጣቱ ወደ 14 ዓመት ግዞት ተለወጠለት። የሚጋዘውም ወደ አሜሪካ እንዲሆን ታዝዞ ነበር። ሆኖም አሜሪካኖች ተዋግተው ነጻነታቸውን ስላገኙ የእንግሊዝን ወንጀለኞች የሚቀበል አልተገኘም። ስለዚህ ወኅኒ ቤቶቹ ሞሉ፤ ትርፉም እስረኛ ባረጁ መርከቦች ሆድ ውስጥ ይታጐር ጀመር። በመጨረሻ መንግሥት በ1786 ግዞተኞቹን ወደ አውስትራልያ ለመላክ ቈረጠ።

ሄንሪ በዚህ ምክንያት በኖርዊች ግንብ ወኅኒ ቤት ብዙ ጊዜ ታስሮ ቈየ። እዚያም እንደ እርሱ ስለ ስርቆት ሞት ተፈርዶባት በግዞት የተለወጠላትን ሱዛና ሆልምስን አገኘ። በ1786 በወኅኒ ቤቱ ውስጥ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ስሙንም በአባቱ ስም ሄንሪ አሉት። በሥርዓት ለመጋባት ቢለምኑም አልተፈቀደላቸውም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሱዛና ሕፃኗን ታቅፋ ፕሊመዝ ወደተባለው ወደብ እንድትሄድ ታዘዘ፤ ሄንሪ ግን ከኖርዊች እንዳይወጣ ተደረገ። የሸኛት ጆን ሲምፕሰን የሚባል የወኅኒ ቤቱ ጠባቂ ነበር። ከወደቡ ሲደርሱ የእስረኞቹ መርከብ አዛዥ፥ የእናቲቱን ስም እንጂ የሕፃኑን ስም የያዘ ትእዛዝ አልደረሰኝም በማለት ጡት የሚጠባውን ልጅ ከእናቱ ነጥሎ መለሰው። አዛዡ ደንቡን ጠበቀ እንጂ ደንብ አልጣሰም፤ ነገሩንም አሳዛኝ የሚያደርገው ይኸው ነው።

ሲምፕሰን ግን ልጁን አንዱ ዘንድ ጥሎ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ሕፃኑን በጭኑ ላይ አድርጎ በፈረስ ሠረገላ ወደ ሎንዶን ገሠገሠ፤ በየማረፊያውም እንደ ሞግዚት እየመገበው ሄደ። የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ሎርድ ሲድኒ ከደረጃ ሲወርድ ጠብቆ አስቆመውና ጉዳዩን ነገረው። ሚኒስትሩም ሰምቶ ልጁ ለእናቱ እንዲመለስ፥ አባቱም አብሯቸው እንዲጓዝ ፈቀደ። ጠባቂውም ወደ ኖርዊች ተመልሶ ሄንሪን ይዞ፥ ያን ሁሉ አገር እንደገና አቋርጦ አባትን፥ እናትንና ልጅን ፕሊመዝ ላይ አገናኘ። የአንድ ተራ የወኅኒ ዘበኛ ስም በታሪክ ሊመዘገብ የቻለው በዚህ ሥራው ነው።

ነገሩ በጋዜጣ ወጥቶ የሕዝቡን ልብ ስለ ነካ፥ ገንዘብ ተዋጥቶ 20 ፓውንድ ያህል የሚያወጣ ልብስና ሌላም ዕቃ ተገዛላቸው። ዕቃው አሌክሳንደር በሚባለው መርከብ ተጫነ። 11 መርከቦች ከ700 የሚበልጡ ግዞተኞችን ይዘው በሜይ 1787 ከእንግሊዝ ተነሥተው፥ ከስምንት ወር ጉዞ በኋላ በጃንዩዌሪ 1788 ዛሬ ሲድኒ ከሚባለው ከተማ ወደብ ደረሱ። ሄንሪና ሱዛና በፌብሩዌሪ 10 ቀን ከሌሎች ጥንዶች ጋራ በቄስ ሪቻርድ ጆንሰን እጅ ተጋቡ።

ዕቃቸውን ቢጠይቁ ግን ከጥቂት መጻሕፍት በቀር የተገኘ አልነበረም። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ግዞተኞች የመርከቡን አዛዥ ዱንካን ሲንክሌርን ከሰሱ። እዚህ ላይ አድማጮቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። በእንግሊዝ ሕግ ሞት የተፈረደበት ወንጀለኛ ንብረት የለውም፤ ሰውን ሊከስም አይችልም ነበር፤ በሕግ ዓይን ሬሳ ነው። በክሱ ወረቀት ላይ ከሳሾቹ አዲስ ሰፋሪዎች ተብለው ተጽፎ ነበር፤ ኋላ ግን ቃሉ ተሰረዘ፤ በምትኩም ወንጀለኞች የሚል ቃል አልገባም። ከሳሾቹ ስማቸውን መጻፍ ስለማይችሉ የመስቀል ምልክት አደረጉ። የፍርዱ ሹም ዴቪድ ኮሊንስ ሲሆን አብረውት ካስቻሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ያጋባቸው ቄስ ነበር። ችሎቱም በጁላይ 1788 ለባልና ሚስቱ 15 ፓውንድ እንዲከፈላቸው ፈረደ። በአውስትራልያ ምድር የመጀመሪያው የፍትሐ ብሔር ክርክር ይህ ነው፤ የተረቱትም ግዞተኞቹ ሳይሆኑ የመርከቡ አዛዥ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የኬብልን ሕይወት ሁሉ ማሞገስ አይገባም። በመጀመሪያ የሠራተኞች አለቃ፥ ቀጥሎ የፖሊሶች አለቃ ሆነ፤ ለመታሰር የተላከው ሰው አሳሪ ሆነ ማለት ነው። በ1802 ግን የወደቡን ደንብ ተላልፎ ከአንድ መርከብ አሳማ በማስገባቱ ከሹመቱ ተሻረ። መጠጥ ቤት ከፈተ፤ ከጄምስ አንደርውድና ከሲሚዮን ሎርድ ጋራ በሽርክና መርከብ እየላከ አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳ በማስገደል በቆዳው ንግድ ባለጸጋ ሆነ። ሽርክናው በኋላ በጠብና በክስ ፈረሰ። ከመንግሥት የእርሻ መሬትም ተሰጥቶት ነበር። መሬቱ ግን ከጥንት ጀምሮ ባለቤት ነበረው፤ ጋዲጋልና ጎረቤቶቻቸው የሆኑት የአገሩ ተወላጆች መሬታቸውን ማንም ሳይጠይቃቸው ተነጠቁ፤ በ1789 የገባው የፈንጣጣ በሽታም እጅግ ብዙዎቹን ፈጀ። እነርሱን ወክሎ በዚያ ችሎት የቆመ ከሳሽ አልነበረም።

ሄንሪና ሱዛና 11 ልጆች ወለዱ። ልጃቸው ዳያና በ1809 የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው አገባች፤ በዚያ ዘመን ለግዞተኛ ልጅ ይህ ትልቅ ክብር ነበር። ጄምስ የሚባለው ልጃቸው የአባቱን መርከብ ከቻይና ይዞ ሲመለስ በማላካ የባሕር መተላለፊያ በወንበዴዎች ተገደለ። በ1811 ኬብል ሲድኒን ለቆ ዊንድዘር ወደምትባለው የገጠር ከተማ ሲሄድ፥ በከተማው ያለውን ሥራውን የተረከበው ሲምፕሰን በጭኑ ይዞት የተጓዘው ያ ሕፃን ሄንሪ ነው። ሱዛና በ1825 ሞተች፤ ባሏ ከእርሷ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ ኖሮ በማርች 1846 አረፈ።