ሰባተኛና ስምንተኛ

ደረስጌን አብዛኛው አንባቢ የሚያውቃት በአንድ ቀን ነው። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሊነግሡበት አሠሩት በሚባለው የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫነው እሳቸውን ድል ያደረገው ካሣ ኃይሉ ነበር፤ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ። ከዚያ ወዲህ ስለ አገሩ እምብዛም አይጻፍም። ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ግን ከዘውድ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ነገር ነው፤ ደረስጌ ባለችበት በጃናሞራና በዙሪያው፣ በስሜን ተራሮች ሥር የሚያድግ ልጅ ወይ የሚሻገርበት ወይ የሚቀርበት የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት።

መካከለኛ ደረጃ ማለት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ነው። ስሙ አዲስ ይምሰል እንጂ ነገሩ አሮጌ ነው። በንጉሡም በደርግም ዘመን አንደኛ ደረጃ እስከ ስድስት፣ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ሰባትና ስምንት ነበር። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን እስከ ስምንት ዘረጋው፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መልሶ 6-2-4 አደረገው። ስድስተኛም ስምንተኛም ላይ ክልላዊ ፈተና አለ። የስምንተኛውን የቀድሞ ሰዎች ዛሬም «ሚኒስትሪ» ይሉታል፣ ለእኔም አፍ የሚቀናው እሱ ነው።

በወረቀት ላይ ተማሪዎቹ የ13 እና የ14 ዓመት ልጆች ናቸው። ክፍል ገብቶ ላየ ግን ዕድሜው ተደበላልቋል። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ዓይነት ልጅ ታገኛላችሁ፤ አንዱ የኔታ ዘንድ ዳዊት ደግሞ ዘግይቶ የመጣ ጎረምሳ ነው፤ አንዱ ታናሹ በጎቹን እስኪረከበው፣ የገብሱን ማሳ ከጭላዳ ሲጠብቅ ሁለት ሦስት ዓመት ያሳለፈ ነው፤ ሦስተኛዋ በሰዓቱ ገብታ በሰዓቱ የደረሰች ልጅ ናት። የመጡት ከየጎጡ መጋቢ ትምህርት ቤቶች ነው። መንገዱ ዳገትና ገደል ስለሆነ በኪሎ ሜትር መለካቱ ብዙም አይረዳም፤ የሰው መለኪያ ሰዓት ነው። ምዝገባው በመስከረም መባቻ ይሁን እንጂ ወንዝ እስኪጎድል፣ መስቀል እስኪያልፍ ክፍሉ አይሞላም። ደግሞ አጨዳ ሲደርስ ይሳሳል።

ከዚያ ጥር ይመጣል። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና የሚያልቅበት ወር ነው፣ የሠርግም ወር ነው። የካቲት ላይ መምህሩ ስም ሲጠሩ «አቤት» የማይልላቸው ስሞች ይኖራሉ፣ ብዙዎቹም የሴቶች ናቸው። ሕጉ ከ18 ዓመት በፊት ጋብቻ ይከለክላል፤ በሰዓቱ ለደረሰች የሰባተኛ ክፍል ልጅ 18 ሊሞላት ገና አምስት ዓመት ይቀራታል።

እንግዲህ ውጤቱን በምን እናንብበው? አንድ ምሳሌ ልስጥ፣ የማንም ትምህርት ቤት ቁጥር አይደለም። መስከረም ላይ ሰባተኛ ክፍል 60 ልጆች ተመዘገቡ እንበል። ከሁለት ዓመት በኋላ ስምንተኛን የተፈተኑት 40 ሆኑ፤ 36ቱ አለፉ። ሪፖርቱ 90 በመቶ ይላል፣ ይጨበጨባል። ከ60ዎቹ ቢቆጠር ግን 60 በመቶ ብቻ ነው። የቀሩት 20 ልጆች መጠነ ማቋረጥና መጠነ መድገም በሚባሉ ሌሎች ሠንጠረዦች ውስጥ ይገቡና ከውጤቱ ጋር አይገናኙም። በዚያ ላይ ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ብዙ ይመዝናል። ከ40 ተፈታኝ አንዱ 2.5 በመቶ ነው፤ አራት ልጆች ቢወድቁ ወይም ቢያልፉ ውጤቱ በ10 የመቶኛ ነጥብ ይዘላል። በዚህ ዝላይ ርዕሰ መምህሩን ማወደስም መውቀስም ለእኔ ትርጉም የለውም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ሒሳብ ነው። በ2018 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል የገባ ልጅ፣ አንድም ዓመት ሳይደግም ከመጣ፣ አንደኛ ክፍል የገባው በ2012 ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘጉ። ሁለተኛ ክፍል ሳለ፣ በ2013፣ የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ዳባት ወረዳ፣ ጭና ደረሰ። አምስተኛ ሲገባ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቷል፤ ጃናሞራን ደግሞ ድርቅ መታው። ፊደል በሚቆጠርበትና ማንበብ በሚለመድበት ዕድሜ እየተቆራረጠ የተማረ ልጅ ነው ማለት ነው። ሰባተኛ ላይ አጠቃላይ ሳይንስ የሚያስተምሩት መምህር የሚጠብቃቸው ገጹን አንብቦ የሚረዳ ተማሪ ነው፤ የሚያገኙት ግን ገና ማንበብ የሚያስተምሩትን ጭምር ነው።

ስምንተኛን ካለፈ ደግሞ ዘጠነኛ አለ። ያን ጊዜ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ አጠቃላይ ሳይንስ ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪና ለባዮሎጂ ይከፈላል፤ ልጁም ብዙውን ጊዜ ከቤት ወጥቶ ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ለስንቅ እየተመላለሰ መማር ይጀምራል። ይህ ሁሉ በአንድ መስከረም ነው የሚወርድበት። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ሲሆኑ አገሩ ሁሉ ጣቱን የቀሰረው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የሰባተኛ ክፍልን ሮስተር ነው። ጉድለቱ እዚያ በግልጽ ይታያል፤ ለማከምም ገና አልረፈደም።

የማከሚያው ነገር ደግሞ እንግዳ አይደለም። ሰባተኛ የገባውን ሁሉ በመስከረም አስነብቦ መለየት፣ ላልቻለው ቱቶሪያሉን ከፈተና ሰሞን ወደ ጥቅምት ማምጣት፣ ወላጅ መምህር ኅብረቱንም ልጅቱ ከተዳረች በኋላ ሳይሆን ከጥር በፊት መሰብሰብ ነው።

የወረዳችሁ የስምንተኛ ክፍል ውጤት በሚቀጥለው ክረምት ሲነገር፣ ስንት በመቶ አለፈ ብላችሁ አትቁሙ። ከሁለት ዓመት በፊት በመስከረም ስንት ልጆች ተመዝግበው ነበር፣ ስንቶቹስ ሴቶች ነበሩ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ አለ።