መካኒሳ ያልተለቀመ ፌስታል ከገበሬው ማሳ ይደርሳል

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ማለዳ በአዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚገኘው መካኒሳ፣ እንደ ሌላው የከተማው ሠፈር ሁሉ፣ ነዋሪው መጥረጊያና አካፋ ይዞ ከደጁ ይወጣል። ለሥራው የሚከፍለው የለም፤ ስም እየጠራ የሚቆጣጠረውም የለም። እናቶች ግቢያቸውን ጠርገው ወደ መንገዱ ይቀጥላሉ፤ ጐረምሶች የተደፈነ ቦይ ይከፍታሉ፤ ልጆች ወረቀቱንና ፌስታሉን እየለቀሙ ይከምራሉ። ክምሩ በእሳት ሲያያዝ ሠፈሩ በጭስ ይሸፈናል። «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ይኸው ነው።

ልማዱ የመጣው በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ካዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነው። «የኅዳር በሽታ» ተብሎ የተጠራው ይህ ደዌ በአዲስ አበባ ብቻ እስከ 10,000 የሚገመት ሕዝብ ፈጅቷል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ድነዋል። ሕዝቡ በሽታው ከቆሻሻ የመጣ መስሎት ጥራጊውን እየሰበሰበ አቃጠለ። ኢንፍሉዌንዛ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ስለሆነ ጭሱ አላቆመውም፤ ቢሆንም ሠፈርን በአንድነት የማጽዳቱ ልማድ ከመቶ ዓመት በላይ ዘልቆ እስከ ዛሬ ቆይቷል።

በዚያን ዘመን የሚቃጠለው ጥራጊ ገለባ፣ ቅጠልና ጭራሮ ነበር። ዛሬ ክምሩ ውስጥ ፌስታል፣ ሀይላንድ፣ አሮጌ ጫማና የሽቦ ልባስ አለበት። ይህ ሲነድ የሚወጣው ጭስ ለሳንባ ጐጂ የሆነ መርዝ የያዘ ነው። እንግዲህ ነዋሪው በጎ ፈቃዱ ሆኖ የለቀመውን መልሶ በአየር ላይ ይበትነዋል ማለት ነው። ለቀማው ይበል የሚያሰኝ ሲሆን እሳቱ ግን መቅረት ያለበት ነው።

ይህ የከተማ ጉዳይ ገበሬውን ምን ያገባዋል የሚል የገበሬ ማኅበር መሪ ቢኖር የውሃውን መንገድ መከተል ይበቃዋል። በመካኒሳ በኩል ትንሹ አቃቂ ወንዝ ያልፋል። በመንገድ ዳር የተጣለ ፌስታል በመጀመሪያው ዝናብ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ወንዙ ይገባል። ወንዙ ከትልቁ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ኩሬ ላይ ይገናኛል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። በዚህ መስመር ሁሉ ገበሬ አለ፤ ከብትም ይጠጣል።

መካኒሳ ራሱም የእርሻ ታሪክ ያለው ሠፈር ነው። የመካኒሳ፣ የፉሪና የሳሪስ አትክልት አምራቾች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው የወንዝ ውሃ እየጠለፉ ጐመን፣ ሰላጣ፣ ቆስጣና የመሳሰለውን ለከተማው ገበያ ለብዙ ዓመታት ሲያቀርቡ ኖረዋል። ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት የሚለቀቀው ፍሳሽ ውሃውን እንዳበላሸው፣ በአቃቂ ወንዞች ዳር በሚበቅል አትክልት ላይም ጐጂ ብረት ነክ ንጥረ ነገሮች እንደሚገኙ በተለያየ ጊዜ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። የፋብሪካውን ፍሳሽ በመጥረጊያ ማቆም አይቻልም። ፌስታሉን፣ የባትሪ ድንጋዩንና የዘይት ጀሪካኑን ግን ከቦዩ አፍ ላይ ማስቀረት ይቻላል።

ስለ ከብቱም ማንሳት ግድ ነው። ጨው ወይም የምግብ ቅሪት የነካው ፌስታል ላም ይስባል። የዋጠችው ፌስታል አይፈጭም፤ በጨጓራዋ እየተጠቀለለ ይከማቻል። ላሟ ሆዷ ይነፋል፣ ማመንዠክ ትተዋለች፣ ወተቷ ይነጥፋል፣ እየከሳች ሄዳ ትሞታለች። በአገራችን ቄራዎች በታረዱ ከብቶች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች በጨጓራ ውስጥ ከሚገኙ ባዕድ ነገሮች ላስቲክ ቀዳሚው መሆኑን ደጋግመው አረጋግጠዋል። ቀጭን ፌስታል ማምረትንና ማስገባትን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነበር። ሆኖም ፌስታል ከገበያ አልጠፋም፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጠበቅ ያለ አዲስ አዋጅ ጸድቋል።

የተሰበሰበው ቆሻሻ የሚሄድበት ቦታም ገበሬውን የነካ ጉዳይ ነው። ከተማው ከ50 ዓመት በላይ የተጠቀመበት የረጲ ቆሻሻ መጣያ፣ በተለምዶ ቆሼ የሚባለው፣ ሲሞላ ሌላ መጣያ በሰንዳፋ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታው እንዳስቸገራቸው፣ ውሃቸው እንደተበከለና ከብታቸው እንደተጐዳ ገልጸው ስለተቃወሙ በዚያው ዓመት ሥራው ቆመ። መኪናዎቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከክምሩ ሥር ጐጆ ቀልሰው የሚኖሩ ድሆች ነበሩ።

ከአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው። ይህ ክፍል ተለይቶ ቢወጣ ወደ መጣያ የሚሄደው በእጅጉ ይቀንስ ነበር፤ ገበሬውም ከእርሱ ኮምፖስት ያገኛል። ልዩነት የሚያመጣው ጥራጊው የሚለቀምበት መንገድ ነው። ለቀማ የሚወጣ ቡድን ሦስት ማዳበሪያ ከረጢት ይይዛል፤ አንዱ ለሚበሰብሰው፣ አንዱ ቆራሌውና መልሶ አምራቹ ለሚገዙት ሀይላንድና ቆርቆሮ፣ ሦስተኛው ለቀረው። ጠርሙስ ስባሪና የሐኪም መርፌ በባዶ እጅ አይነካም፤ ለብቻው በቆርቆሮ ይያዛል። ፌስታል ደረቅ ሳለ መለቀም አለበት፤ ከራሰና ከጭቃ ከተቀላቀለ በኋላ ከሚበሰብሰው መለየት የቀን ሥራ ያስፈታል።

ለኮምፖስት የሚሆነው ቅጠል፣ የአትክልት ልጣጭና ገለባ ከፍግ፣ ከጥቂት አመድና ከአፈር ጋር በየተራ ይነባበራል፤ በመጠኑ ይርሳል፣ ይሸፈናል። በመሐሉ የተተከለ እንጨት ከቀናት በኋላ ሲነቀል ትኩስ ከሆነ ሥራው ይዟል። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ ይጨመርበታል። በየጊዜው እየተገላበጠ ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ ጠቁሮ አፈር አፈር ሲሸት ለማሳ ይደርሳል። ከከተማ የሚመጣ ጥራጊ የሚረከብ ማኅበር ላስቲክ ወይም ባትሪ የተገኘበትን ጭነት አልቀበልም ማለት ይኖርበታል። አንድ ጊዜ ማሳ የገባ የፌስታል ቁራጭ በየእርሻው ወቅት ይወጣል እንጂ አያልቅም።

የኅዳሩ ለቀማ የሚደረገው ዝናብ ካባራ በኋላ ነው። ከዚያ እስከ ግንቦት የሚጣለውን ሁሉ ቦዩ ይዞ ይቆያል፤ ሰኔ ሲገባ ጎርፉ በአንድ ሌሊት ጠርጎ ወደ ወንዙ ያወርደዋል። የመካኒሳ በጎ ፈቃደኞች ግንቦት ላይ አንድ ቀን ቢጨምሩ፣ ከቦዩ አፍ ተነሥተው እስከ ወንዙ ዳር ቢወርዱ፣ በአባ ሳሙኤል በኩል ክረምቱ የሚያመጣው ላስቲክ ይቀንሳል።