የጄኔሬተር ቤት አሠራር

በአንድ ቀበሌ የሚኖር ገበሬ አለ እንበል። ይህ ገበሬ ከእርሻው ሌላ ትንሽ ሱቅ አለው። መብራት ቶሎ ቶሎ እየጠፋ ስላስቸገረው ገንዘብ አጠራቅሞ አንድ ጄኔሬተር ገዛ። በመጀመሪያው ቀን ደጅ አስቀምጦ አስነሣው። ቤቱ በራ፤ ልጆቹም ደስ አላቸው። ነገር ግን ከአጥሩ ወዲያ አራስ ነበረች። የአራሷ እናት ብቅ ብለው፣ «ኧረ ልጄ፣ ይኼ ጩኸት ሕፃኑን አላስተኛው አለ» አሉት። በሁለተኛው ቀን ዝናብ መጣ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌባ እንዳይወስድበት ሰጋ። ስለዚህ ጄኔሬተሩን አንሥቶ ከመኝታ ቤቱ ጎን ወዳለው ማድ ቤት አስገባው። በሩንም ዘጋው።

ጩኸቱ ቀነሰ። ዝናቡም ሌባውም አላሰጋውም። ገበሬው ችግሩን ሁሉ የፈታ መሰለው። ነገር ግን ከሦስቱም የሚብስ አራተኛ ችግር ወደ ቤቱ አስገባ። ይህ አራተኛ ችግር የማይታይ ጭስ ነው። ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል።

ታዲያ ምን ማድረግ ይገባዋል? መልሱ አጭር ነው። ጄኔሬተር ከሰው ቤት ተለይቶ የራሱ ቤት ያስፈልገዋል። ይህም ቤት ድምፅን የሚያፍን፣ አየርን ግን የማያፍን መሆን አለበት። አሠራሩን ከዚህ ቀጥለን እንመልከት።

ጄኔሬተር እንዴት ይሠራል?

ጄኔሬተር ቤንዚን ወይም ናፍጣ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሞተር ነው። እንደ በሬ ይበላል፤ ይተነፍሳል፤ ይሞቃልም። ምግቡ ነዳጅ ነው። ነዳጅ ደግሞ ያለ አየር አይቃጠልም። 1 ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል ወደ 10 ሜትር ኩብ የሚጠጋ አየር ያስፈልጋል። ይህም 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ቢሰፈር 50 በርሜል ይሆናል። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ የሚያስፈልገው አየር ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

በትንሽ ጄኔሬተር ከነዳጁ ጉልበት ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው ሩብ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሞተሩን በጠባብ ሣጥን ዘግቶ ማሠራት በሬን አፍንጫውን አስሮ እንደ መጥመድ ነው። መጀመሪያ ይደክማል፤ ከዚያም ይግላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል።

በደጋ አገር ይህ ነገር ይብሳል። ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። ከፍታው በ1 ሺህ ሜትር ሲጨምር የሞተሩ ጉልበት ከመቶ 10 እጅ ያህል ይቀንሳል። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በደብረ ብርሃን አካባቢ አንድ ጄኔሬተር መተማን በመሰለ ቆላ የሚሰጠውን ያህል ጉልበት አይሰጥም። ቆላ ደግሞ አየሩ ራሱ ሞቃት ስለሆነ ሞተሩን ቶሎ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ደጋም ሆነ ቆላ ሰፊ የአየር መግቢያ ያስፈልጋል።

የማይታየው ጭስ

ከሞተሩ ጭስ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣል። ይህ መርዝ ቀለም የለውም። ሽታ የለውም። ጣዕምም የለውም። ቤት ተዘግቶ ከሰል ሲነድ ሰው የሚገድለው ይኸው መርዝ ነው። የጄኔሬተር ጭስ ግን ከከሰል ምድጃ ይልቅ እጅግ ብዙ መርዝ ሊያወጣ ይችላል።

አንድ ሰው ይህን አየር ሲተነፍስ መርዙ ከደሙ ጋር ይጣበቃል። የሚጣበቀውም ንጹሕ አየር ከሚጣበቀው ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ኃይል ነው። ስለዚህ ደሙ ንጹሕ አየር መሸከም ያቅተዋል። ሰውየው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል። ቀጥሎ ያዞረዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ጉልበቱም ይከዳዋል። የተኛ ሰው ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ሳያውቅ ከእንቅልፉ ወደ ሞት ይሄዳል።

ብዙ ሰው፣ «በሩን ገርበብ ካደረግሁት ይበቃል» ይላል። አይበቃም። በርና መስኮት ቢከፈትም እንኳ ጄኔሬተር በመኖሪያ ቤት፣ በማድ ቤት ወይም በበረንዳ አይሠራም።

ቦታ መምረጥ

የጄኔሬተሩ ቤት ከመኖሪያ ቤታችንም ሆነ ከጎረቤት ቤት በርና መስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። 6 ሜትር 12 ክንድ ያህል ነው። ከዚህ ቢበልጥ ይመረጣል። ድምፅም በርቀት ይደክማል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የድምፁ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል።

አውድማ ላይ እህል ስናዘራ አስቀድመን የነፋሱን አቅጣጫ እንመለከታለን። እዚህም እንደዚያው እናድርግ። ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከየት ወደየት እንደሚነፍስ እንይ። ቤቱን ጭሱ ከሰው ርቆ በሚሄድበት በኩል እንሥራው። የራስን ጭስ ወደ ጎረቤት መስደድም ጉርብትና አይደለም።

ቦታው ጎርፍ የማይገባበት ከፍ ያለ መሬት ይሁን። ከገለባ ክምር፣ ከሣር ቤትና ከከብት በረትም ይራቅ።

መሠረትና ግድግዳ

ለአንድ ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ውስጡ 4 ክንድ ርዝመት፣ 3 ክንድ ወርድና 4 ክንድ ቁመት ያለው ቤት ለመነሻ ይበቃል። በሞተሩ ዙሪያ በየጎኑ ቢያንስ አንድ ክንድ ባዶ ቦታ መቅረት አለበት።

ወለሉን በድንጋይና በሲሚንቶ እናጠንክረው። ጄኔሬተሩ የሚቀመጥበት መደብ ከግድግዳው ጋር አይያያዝ። ከተያያዘ የሞተሩ መንቀጥቀጥ ወደ ግድግዳው ያልፍና ግድግዳው ራሱ ይጮኻል። በእግሮቹ ሥር ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ወፍራም ቁራጭ ቢደረግ መንቀጥቀጡን ያበርደዋል።

ድምፅን የሚያቆመው ከባድ ነገር ነው። ብቻውን የቆመ ቆርቆሮ እንደ ከበሮ ይጮኻል እንጂ ድምፅ አያቆምም። ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ወፍራም ግድግዳ ጥሩ ነው። በብሎኬት የሚሠራ ሰው ቀዳዳዎቹን በአሸዋ ቢሞላቸው ድምፁ ይበልጥ ይቀንሳል። የእንጨት ግድግዳ ከሆነ በውስጥም በውጭም በጭድ ጭቃ ወፍራም ተደርጎ ይለሰን። በግድግዳውና በበሩ ዙሪያ ያሉ ስንጥቆች ሁሉ ይደፈኑ። ጣት የምታስገባ ስንጥቅ ብዙ ድምፅ ታወጣለች።

አንዳንድ ሰው ድምፅ እንዲውጥ ብሎ ስፖንጅ፣ ጆንያ ወይም ገለባ በግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ይህ እሳት መጋበዝ ነው።

አየር እንዴት ይግባ? እንዴትስ ይውጣ?

ዋናው የሥራው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሁለት ቀዳዳ ያስፈልጋል። አንዱ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ከወለሉ አጠገብ ይሁን። ቀዝቃዛው አየር በዚህ ይገባል። ሁለተኛው በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር ይሁን። የጎጆ ቤት ጭስ ወደ ላይ እንደሚወጣ ሁሉ የሞቀው አየር በዚህ ይወጣል። የእያንዳንዱ ቀዳዳ ወርድና ቁመት ከአንድ አንድ ክንድ አይነስ። ትልቅ ጄኔሬተር ግን ከዚህ የሰፋ ቤትና ቀዳዳ ይፈልጋል። አይጥ እንዳይገባ ቀዳዳው ላይ የሽቦ ወንፊት ይደረግበት።

«ታዲያ ድምፁ በቀዳዳው አይወጣም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይወጣል። ነገር ግን ዘዴ አለው። የተወረወረ ድንጋይ ቀጥታ ይሄዳል እንጂ አይታጠፍም። ውኃ ግን በጠማማ ቦይ ሁሉ ይሄዳል። አየር እንደ ውኃ ነው። ድምፅም እንደ ድንጋዩ ባይሆንም በየመታጠፊያው ይደክማል። ስለዚህ ከታችኛው ቀዳዳ ፊት ለፊት፣ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርገን፣ ከቀዳዳው የሰፋ አጭር ግንብ እንሥራ። አየሩ በግንቡ ጎንና ጎን ዞሮ ይገባል። ድምፁ ግን ከግንቡ ጋር ይጋጫል። የላይኛው ቀዳዳ ደግሞ ፊቱን ሰው ወደሌለበት፣ ወደ ማሳው በኩል ያዙር።

ጭስ ማውጫ

የሞተሩ ጭስ በቤቱ ውስጥ መቅረት የለበትም። በብረት ቱቦ ግድግዳውን አልፎ ወደ ውጭ ይውጣ። ቱቦውን ብየዳ የሚያውቅ ባለሙያ ይግጠመው። ቱቦው ከሞተሩ ጭስ ማውጫ የጠበበ አይሁን። ከጠበበ ጭሱ ወደ ኋላ ሞተሩን ይገፋዋል። ጩኸት ለመቀነስ ብሎ በጨርቅ መወተፍም ሞተሩን ያበላሻል።

ቱቦው በጣም ስለሚግል እንጨት ወይም ሣር አይንካ። በሚያልፍበት ቦታ ዙሪያውን ድንጋይና ጭቃ ብቻ ይሁን። ዝናብ እንዳይገባበት አፉ ወደ ታች ዘንበል ይበል። አየር ከሚገባበት ቀዳዳም ይራቅ። አለዚያ ሞተሩ የራሱን ጭስ መልሶ ይተነፍሳል።

ቤቱ ካለቀ በኋላ

ሥራው ሲያልቅ እንሞክረው። ጄኔሬተሩን አስነሥተን መብራቱን ሁሉ እናብራ። ግማሽ ሰዓት ያህል ይሥራ። ከዚያ እጃችንን በላይኛው ቀዳዳ በኩል እንዘርጋ። የሚወጣው አየር ቢሞቅ ያለ ነው፤ የሚለበልብ ከሆነ ግን ቀዳዳዎቹ ጠበዋልና እናስፋቸው።

ከዚያ በኋላ የሚከተሉትን እንጠብቅ።

ሞተሩ ሲሠራ ማንም ሰው በዚህ ቤት ውስጥ አይቀመጥ። በብርድ ሌሊት ቤቱ ስለሚሞቅ ዘበኛ ወይም እረኛ ልጅ ገብቶ መተኛት ሊያምረው ይችላል። እንዲህ ያለ ሙቀት የሞት ሙቀት ነው። በሩ ይቆለፍ።

ቤንዚን በዚህ ቤት ውስጥ አይቀመጥ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳይበርድ ነዳጅ አይጨመርበት። ነዳጅ ሲጨመር ኩራዝ፣ ሻማና ሲጋራ አይቅረቡ። አሸዋ የሞላ ባልዲ በበሩ አጠገብ ይኑር። በሚነድ ቤንዚን ላይ ውኃ ቢደፉበት እሳቱን ያሰፋዋል እንጂ አያጠፋውም።

የጄኔሬተሩን ገመድ በቤታችን የግድግዳ ሶኬት ላይ አንሰካ። ኤሌክትሪኩ ወደ ውጭው መስመር ያልፍና እዚያ መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። አንዱን መስመር ዘግቶ ሌላውን የሚከፍት መቀያየሪያ በባለሙያ ይገጠም።

ሰው በጭስ ቢመታስ?

ሰው ራሱን ካመመውና ካዞረው በር እንክፈት፤ ሞተሩን እናጥፋ። ሰውየውን ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር እናውጣው። ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። የተሻለው ቢመስልም ይታይ። ወተት መርዙን አያወጣም። ራሱን ለሳተ ሰው የሚጠጣ ነገር መስጠት ደግሞ ያንቀዋል።

ይህን ቤት ለመሥራት የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር በእጃችን ነው። ድንጋዩ በማሳችን፣ ጭቃው በጓሯችን፣ ጭዱም በአውድማችን አለ። የሚጎድለው የጥቂት ቀን ሥራ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለ! ያ ገበሬም ጄኔሬተሩን ከማድ ቤቱ አውጥቶ እንዲህ ያለ ቤት ቢሠራለት ንብረቱ አይጠፋበትም። የአራሷም ሕፃን ይተኛል። ከሁሉም በላይ፣ ማታ የተኙት ልጆቹ ጠዋት በደኅና ይነሣሉ።

ጥያቄዎች

1. ገበሬው ጄኔሬተሩን ማድ ቤት ያስገባው ለምንድን ነው? ስሕተቱስ ምን ላይ ነው?
2. የአየር መግቢያው ከታች፣ መውጫው ከላይ የሚሆነው ለምንድን ነው?
3. ድምፅ እንዲቀንስ፣ አየር ግን እንዲገባ ምን ዘዴ አለ?
4. በአካባቢያችሁ ጄኔሬተር ያለበትን ቦታ ተመልከቱ። ከሰው መኝታ ስንት ክንድ ይርቃል?